ድስቱን ማን ይፈገፍጋል?

አማርኛ ስለ ጥፋት ሲያወራ ኩሽና ይገባል። ልኩን ያለፈ ሰው ወጥ ረገጠ ይባላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፣ ያልተገላበጠ ያራል፣ አያያዙ ያላማረ ጭብጦውን ይቀማል። ሥራውን ያጣ ሰው እንኳ ስለ ደመወዝ አያወራም፤ «እንጀራዬን አሳጡኝ» ነው የሚለው። ቋንቋው እንዲህ ከሆነ ስለ ኩሽና አደጋ የሚወራው ጨዋታ የትም ባይጠፋ አይገርምም። ቡና ላይ፣ ከሠርግ ማግስት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ስልካችን ላይ፤ ያረረ ሽሮ፣ ምጣድ ላይ ተጣብቆ የቀረ እንጀራ፣ በጨው ፋንታ ስኳር የገባበት ወጥ።

ሁላችንም እንስቃለን። ግጥም ሲሆን ቤት አልመታም እንላለን፣ ፊልም ሲሆን ታሪኩ ላላ ብለን እንተቻለን። የኩሽና ቀልድን ግን «አሪፍ ነው» ወይ «አያስቅም» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ይሄ ጨዋታ ትችት የሚገባው የተረት ዘርፍ ይመስለኛል። ጥሩውና ደካማው ይለያል፣ የራሱ ተራኪ አለው፣ የራሱ ተጎጂም አለው። ለማየት የምንቆምበት ቦታ ድሬዳዋ ይሁን፤ ድሬ ውስጥ ምግብ የሚበላሽበት ምክንያት ብዙ ነው፣ የሚሳቅበትም መንገድ እንዲሁ።

ተራኪው የት ነው የቆመው?

አንድ የኩሽና ቀልድ ሲነገር መጀመሪያ የማየው ተራኪው የቆመበትን ቦታ ነው። ገበታው ጋ ነው ወይስ ምድጃው ጋ?

ድሮ ገበታው ጋ ነበር። በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነገሩት ቀልዶች በርካታዎቹን አስታውሱ። አለቃ ሰው ቤት እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ምግብ ይቀርባል፣ ምግቡ አንድ ጉድለት አለው፣ አለቃ በሰምና ወርቅ ጠቅ ያደርጉታል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የቃል ጥበቡ አያከራክርም። ግን አብሳይዋ የት ናት? ከጓዳ ወጥታ ምላሽ ስትሰጥ ብዙም አንሰማትም። ባለቤታቸው ማዘንጊያ እንኳ ስሟ እኛ ዘንድ የደረሰው በሳቸው ቀልድ ውስጥ ሆኖ ነው።

ከገበታ የሚነገር ቀልድ የሚያውቀው ውጤቱን ብቻ ነው። ወጡ ቀጥኗል። ለምን ቀጠነ? ሦስት ተብሎ ሰባት እንግዳ መጥቶ ውሃ ተጨምሮበት ይሆናል። በርበሬው አልቆ ይሆናል። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ሴትየዋ በጭስ ዓይኗን ስትጠርግ ቁሌቱ አምልጧት ይሆናል። ቀልዱ ይሄን ሁሉ አያውቅም፣ ሊያውቅም አልፈለገም። ምክንያቱ ሲጠፋ ደግሞ ጥፋቱን የሚሸከም አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ሰውየዋ። «ሙያ የላትም» ይባላል፣ በቃ።

«ሙያ» የሚለው ቃል ራሱ ጉድ ነው። ወንድ «ባለሙያ» ሲባል ኢንጂነር ነው፣ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ነው። ሴት «ባለሙያ ናት» ሲባል ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ወጧ ነው። አንድ ቃል ለአንዱ ጾታ የትምህርት ማስረጃ፣ ለሌላው የዶሮ ወጥ። ስለዚህ ወንድ ሽሮ ሲያሳርር አንድ ምግብ ተበላሸ፤ ሴት ስታሳርር ማንነቷ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ ማውጣት ለሙሽራ ፈተና የሆነበትን ባህል የምናውቅ ሁሉ ይሄ ማጋነን እንዳልሆነ እናውቃለን። አንድ ብልት ከጠፋ ወይ ከተቆራረጠ የሚቆጠረው በዶሮዋ ላይ አይደለም።

የሊጡ ታሪክ፣ ሁለት ጊዜ

ልዩነቱን ለማየት አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ እንስማ። ከደብረ ብርሃን ድሬ የተዳረች ልጅ አለች እንበል።

የመጀመሪያው አነጋገር ከገበታ ነው። እሑድ ዕለት አማቶቿ መጡ። እንጀራ አቀረበች። አማትየዋ አንድ ጉርሻ ዋጥ አድርጋ ፊቷን አኮሳተረችና «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ሎሚ ከየት ገዛሽው?» አለች። ሳቅ። አለቀ።

ሁለተኛው አነጋገር ከምድጃው ነው። ልጅቷ እናቷ እንዳስተማረቻት ለእሑድ የሚሆነውን ሊጥ ሐሙስ አቦካች። ደብረ ብርሃን ላይ ሊጥ ጨዋ ነው፤ ጥግ ይዞ፣ ብርድ ልብስ ቢደረብለት ደስ ብሎት፣ ቀስ እያለ ነው የሚቦካው። ድሬ ላይ ግን ዓርብ ማታ ክዳኑን ገፍቶ ብቅ አለ። ድንጋይ ጫነችበት። ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዩን ተሸክሞ ወጣ። ግማሹን ወደ ባልዲ ገለበጠችው፤ አሁን ሁለት ሆኑ። እርጥብ ጆንያ ጠቀለለችባቸው፣ አልጋ ሥር ጥላ ፈልጋ ደበቀቻቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቡልቅ ቡልቅ ሲል እየሰማች አደረች። እሑድ ጠዋት ስትከፍተው ጸጥ ብሏል። ጋዙ አልቋል፣ የቀረው ኮምጣጤ ነው። ምጣዱ ላይ ስታፈሰው አንድም ዓይን አላወጣም።

ሁለተኛው ረዘም ይላል፤ ለእኔ ይበልጥ የሚያስቀውም እሱ ነው። መጀመሪያው ላይ የምንስቀው በልጅቷ ነው። ሁለተኛው ላይ ከልጅቷ ጋር ሆነን በሊጡ እንስቃለን። ሊጡ ገጸ ባሕርይ ሆኗል፤ እልኸኛ ነው፣ ያመልጣል፣ ይሸሸጋል፣ ይሞታል። ልጅቷ ደግሞ ሙያ የሌላት ሳትሆን ከተማ የቀየረች ሰው ናት። የኩሽና ቀልድ ጥሩ የሚሆነው ምክንያቱን ሲያውቅ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የድሬ ሙቀት ምን ያደርጋል?

ምክንያቱ ደግሞ እውነተኛ ነው፣ ሊለካ ይችላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያልፋል፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው፣ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ። እርሾው ውስጥ ያሉት ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ሊጡን እየበሉ አሲድና ጋዝ ያወጣሉ። ደጋ ላይ ሥራቸው ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ብርዱ ከጠና ከዚያም ያልፋል። አብሲት ተጨምሮ ሊጡ ሲነሳና ምጣድ ላይ ሲፈስ ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ላይ እየወጡ ገጹን ይበሱታል፤ ዓይን የምንለው እሱን ነው። የድሬ ቀን በግንቦትና በሰኔ ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ሕዋሳቱ የደጋን ቀን መቁጠሪያ አይጠብቁም። ጋዙ ቀድሞ ይወጣል፣ አሲዱ ይቀራል። ዓይን የሌለው እንጀራ እንግዲህ የሰነፍ ሴት እንጀራ ሳይሆን ሰዓቱ ያለፈበት ሊጥ ነው።

ሌላም አለ። ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ድሬ ላይ ወደ 96 ይጠጋል። አዲስ አበባ የተቀረጸ የምግብ አሠራር ቪዲዮ በደቂቃ ቆጥሮ ያስተማረውን ድንች ድሬ ላይ በዚያው ደቂቃ ብትጠብቁት ፈርሶ ወጡ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ሽምብራና ባቄላ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። የድሬ የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ካልሲየም ጥራጥሬው ቶሎ እንዳይለሰልስ ስለሚያደርግ ሽምብራው ፈልቶ ፈልቶ ጠጠር እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ያንኑ ቪዲዮ አይታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ልክ የሠራች የድሬ ልጅ ድንቹ ገንፎ፣ ሽምብራው ጥይት ሆኖባት ልታገኘው ትችላለች። ይሄ ራሱ ቀልድ ነው፣ የማንም ጥፋት የሌለበት ቀልድ።

መብራቱንም አንርሳው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚጎትት ዕቃ ነው። ኃይሉ ሲዳከም ምጣዱ ይሞቃል እንጂ አይግልም፣ ሊጡ ይጠነክራል እንጂ ዓይን አያወጣም። ጭራሽ ሲጠፋ ደግሞ አምስተኛው እንጀራ ላይ ግማሹ የበሰለ ግማሹ ጥሬ ሆኖ አክንባሎው ሥር ይቀራል። በዚያ ቅጽበት በአንድ ሰፈር ስንት ሴት በአንድ ጊዜ «ውይ!» እንደምትል አስቡት። ይሄን የሰፈር «ውይ!» አሪፍ አድርጎ የተረከ ኮሜዲ ቢመጣ እኔ ቀድሜ አየዋለሁ።

ያልተቀመሰ ምግብ ፈተና

በዚህ ዘርፍ ውስጥ በጣም የሚያስቀኝና ብዙም የማይነገርለት ነገር ደግሞ ጾም ነው። የዶሮ ወጥ ትልቁ ቀኑ ፋሲካ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልተሞከረ ጥንቃቄ የሚደረግበት፣ ዘመድ ሁሉ የሚቀምሰው፣ «የእገሊት ዶሮ ዘንድሮ…» የሚባልበት። ያ ወጥ የሚሠራው ግን ቅዳሜ ነው፣ ጾሙ ሳይፈታ። ሠሪዋ አትቀምስም። ሽንኩርቱን ለሰዓታት ስታቁላላ፣ በርበሬውን ስትመጥን፣ ጨው ስትጨምር የሚመራት አፍንጫዋና ልምዷ ብቻ ነው። ያገሩ ትልቁ የሙያ ፈተና የሚሰጠው መልሷን ማየት ለማይፈቀድላት ተፈታኝ ነው።

ረመዳን ላይም እንዲሁ። ድሬ ውስጥ ለአፍጥር ሳምቡሳ የማይጠበስበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። ምስሩን የምትቀቅለው፣ ሩዙን የምትሠራው ሴት ከንጋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ጨው በዛ? አነሰ? ለዚህ ነው በሁለቱም ሃይማኖት ቤት አንድ ትንሽ ባለሥልጣን የሚሾመው፤ ያልጾመ ሕፃን። «ና እስቲ ቅመስልኝ፣ ጨው አለው?» ይባላል። ሕፃኑ የሚያውቀው «ይጣፍጣል» እና «አይጣፍጥም» ብቻ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ምላስ ላይ የተንጠለጠለ የቤተሰብ ክብር፤ ከዚህ የተሻለ የኮሜዲ ሁኔታ ማን ይፈጥራል?

ገበታው ግን ይሄን አያውቅም። ፋሲካ ሌሊት «ጨው በዝቷል» የሚለው አጎት ቅዳሜ ዕለት ከእግር ኳስ መልስ ተኝቶ ነበር።

ሁሉም ጀማሪ የሆነበት ግቢ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሜዳ ላይ ጣቢያ ተተከለ፣ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመናዊው ዓረብ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ ሁሉ የየራሱን ድስት ይዞ መጣ። ከዚራ በፈረንሳይ ዕቅድ በጥላ ዛፍ ተሰለፈች፣ መጋላ በራሷ መንገድ አደገች፣ ቀፊራ ገበያ ሁሉንም አገናኘች።

ይሄ ታሪክ ለኩሽና ቀልድ ምን አደረገ? ሁሉም ሰው በአንድ ሰው ኩሽና ጀማሪ እንዲሆን አደረገ። እንጀራ ላይ ዓይን በማውጣት የታወቀች ሴት ሳምቡሳ ልትጠብስ ስትል ጠርዙን በዱቄት ሊጥ አጥብቃ ሳትለጥፈው፣ ወይ ምስሩን ውሃውን ሳታጠፋ ትሞላውና ዘይቱ ውስጥ አፉን ከፍቶ ይፈነዳል። ላሆህ እየጋገረች ልጅ ያሳደገች የሶማሌ እናት የጤፍ እንጀራ ስትሞክር ከምጣዱ ጋር ተጣብቆ በቢላ ይነሳል። የሐረሪዎችን ሁልበት መረቅ የሞከረ ሰው ደግሞ አብሹን በደንብ ሳይነክርና ውሃውን ሳይደፋ ከሠራው የሚያገኘው መድኃኒት ነው፣ መራራ።

ሙቀቱ ሥራውን ከቤት ወደ ግቢ ስለሚያወጣው ይሄ ሁሉ የሚሆነው በሰው ፊት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ያረረ ነገር ሽታውን ደብቆ መኖር አይችልም። ጎረቤት ይመጣል፣ ያያል፣ ይስቃል፣ ከዚያ እጁን ታጥቦ ያስተካክላል። ሥጋው የእስላም የክርስቲያን ተብሎ ቢለይም ምስሩ፣ ሩዙ፣ ሳምቡሳው፣ እንጀራው በአጥር ላይ ያልፋል፤ ሙያውም አብሮ ያልፋል።

ሌላ የድሬ ስጦታ አለ። ድሬ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ብዙ አትወደውም። ትልቁም ትንሹም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው። የደጋ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ይደነግጣል። ለቀልድ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የተቀለደባት ሰው መመለስ ትችላለች። ቅድም ያየናት ሙሽራ ደብረ ብርሃን ብትሆን አማቷ ስለ ሎሚ ስትጠይቅ አንገቷን ትደፋ ነበር። ድሬ ትንሽ ከቆየች ግን፣ «አቦ! አንቺስ ባለፈው ያመጣሽው ሩዝ? እስካሁን ድስቱን እየፈገፈግኩ ነው!» ልትል ትችላለች። አማትየዋም ሳቋን አትችለውም። ቀልዱ ወደ ሁለት አቅጣጫ ሲሄድ ፈተና መሆኑ ይቀርና ጨዋታ ይሆናል።

ይሄን የከተማ ማስታወቂያ ላደርገው አልፈልግም። ድሬም አማት አላት፣ ድሬም «ሙያ የላትም» ይባላል፣ ድሬም ተፈርዶባት ያለቀሰች ሙሽራ አለች። የምለው ይሄ ብቻ ነው፤ ብዙ ኩሽና አንድ ግቢ ሲገናኝ «ሙያ» የሚባለው ነገር በአንድ ምጣድ የሚለካ መሆኑን ያቆማል።

አፕሮን የለበሰው ባል

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። አጭር ቪዲዮ ለዚህ ዘርፍ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ተራኪውን ከገበታ አንስቶ ምድጃው ጋ አቁሞታል። ካሜራው ድስቱ ላይ ነው፣ ሽሮው ሲጓጉል እናያለን፣ ዘይቱ ሲፈነጥቅ አብረን እንሸሻለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያቱን በዓይናችን እያየን ነው።

ግን ማን ነው የሚሳሳተው? በጣም የሚወደደው ቅርጽ ሚስቱ የሄደችበት ባል ነው። አፕሮን ይለብሳል፣ ሽንኩርት ሲከትፍ ያለቅሳል፣ ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ ሳይበጠብጥ የፈላ ውሃ ላይ ይበትነዋል፣ ጓል በጓል ይሆናል፣ በመጨረሻ እንቁላል ጠብሶ ይበላል። ኮሜንቱ በሙሉ ልብ ነው። «ጎበዝ! መሞከሩ ራሱ!» ይባላል። እኔም ስቄ አውቃለሁ። ግን ያንን ቪዲዮ ሴት ሠርታው፣ ያው ጓል፣ ያው እንቁላል፣ ኮሜንቱ እንዴት እንደሚሆን አስቡት። «የዘንድሮ ልጆች»፣ «እናትሽ ምን አስተማረችሽ»፣ «ማን ያገባሻል»። ምግቡ አንድ ነው፤ የተቀየረው የመሳሳት ፈቃድ ነው።

ይሄ ፈቃድ በሌላውም ዓለም ዋጋ አለው። በ1992 እ.ኤ.አ. ሚስተር ቢን የገና ቱርክ ውስጥ ጭንቅላቱን ሲቀረቅር ዓለም ሳቀ፤ የገና እራት ማበላሸቱ ግን እንደ ወንድ የሚያሳፍረው ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት፣ በ1960ዎቹ፣ አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አብሳይ ጁሊያ ቻይልድ የድንች ቂጣ ስትገለብጥ ግማሹ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ሰብስባ ወደ መጥበሻው መለሰችው፣ ቀጠለች። ሰዉ ወሬውን ሲያሳድገው ድንቹ ዶሮ ሆነ፣ ዶሮውም ወለል ላይ ወደቀ፤ ዶሮ የሚባል ነገር ግን አልወደቀም። የተጋነነው ስለተወደደ ነው። ያቺ ሴት በሕዝብ ፊት ተሳስታ ያልተዋረደችው ስሟ የታወቀ፣ ምግቡም ፕሮግራሙም የራሷ ስለነበረ ነው። ማንም ከደመወዟ አይቆርጥም።

ስልኩን ያልያዘችው

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ቀልድነቱ የሚያልቀው። በከተሞቻችን ውስጥ ምድጃ አጠገብ ረጅሙን ሰዓት የሚቆመው ማነው? በብዙ ቤት የቤት ሠራተኛዋ ናት። ከገጠር የመጣች፣ ብዙ ጊዜ ገና ወጣት፣ ጋዝ ምድጃ ይሁን የኤሌክትሪክ ምጣድ መጀመሪያ ያየችው እዚያ ቤት ውስጥ። ስለ ኩሽና ስህተት ከሷ በላይ ታሪክ ያለው ሰው የለም። ግን ታሪኩ ሲነገር ሁሌም ሌላ ሰው ነው የሚነግረው። «የኛ ሠራተኛ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው…» ብሎ የሚጀምረውን ጨዋታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ፓስታውን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ የፕላስቲክ ሳህኑን ምድጃ ላይ ጣደችው፣ ፍሪጁን ከውስጥ ቆልፋ… ሳቅ። አንዳንዱ ደግሞ ሳታውቅ ይቀርጻታል፣ ይለቀዋል።

ይሄ አሮጌው የገበታ ቀልድ ነው፣ ካሜራ ይዞ ተመለሰ። ምክንያቱን አያውቅም፤ ፓስታ እንዴት እንደሚቀቀል ያሳያት ሰው ነበር? አይጠይቅም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሂሳቡ ነው። ባል ያሳረረው ድስት ቪዲዮ ይሆናል። ሠራተኛዋ ያሳረረችው ድስት ከደመወዟ የሚቆረጥበት፣ ጓዟን ይዛ የምትወጣበት ቤት አለ። ሕጉም ሙሉ በሙሉ ከጎኗ አልቆመም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት የሚሰጡ ሠራተኞችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶ ጉዳያቸው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ነው የሚለው። ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ በቀን ስንት ሰዓት ምድጃ ፊት እንደምትቆም፣ ድስት ብታሳርር ምን እንደሚደርስባት፣ ፋብሪካ ውስጥ ያለች እኩያዋን የሚጠብቀው አዋጅ ለሷ አይናገርም።

ከሀገር የወጡትንም አስቡ። ወደ ዓረብ ሀገር የሄደች ልጅ የማታውቀው ቅመም፣ የማታነበው ጽሑፍ፣ ቀምሳ የማታውቀው ምግብ ይጠብቃታል። የመጀመሪያ ወሯ ሙሉ የኩሽና ስህተት ነው። ተመልሳ ድሬ ቡና ላይ ስታወራው ሰው በሳቅ ይፈርሳል፣ ምክንያቱም አሁን ተራኪዋ እሷ ናት። አንዳንዷ ግን ያንን ቀን ሳትናገረው ትቀራለች። የትኛው ስህተት ወደ ጨዋታ እንደሚቀየር የሚወስነው የተበላሸው ምግብ አይደለም፣ ስህተቱ ያስከፈለው ዋጋ ነው።

ማሟሻ

ስለዚህ የኩሽና ቀልድ ስሰማ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የሚያወራው ያበላሸው ራሱ ነው? ለምን እንደተበላሸ ያውቃል? በመጨረሻስ ድስቱን የፈገፈገው ማነው? ሦስቱንም የሚመልስ ቀልድ ቀስ ብሎ ቢነገርም ደጋግመን እንሰማዋለን። አንዱንም የማይመልስ አንድ ጊዜ ያስቃል፤ ከዚያ አንድ ሰው ጓዳ ውስጥ ሰምቶት እንደሆነ እያሰብን እንቀራለን።

ባህላችን ለስህተት ፈቃድ መስጠት የማይችል ሆኖም አይደለም። ምጣድ ሲጣድ መጀመሪያ የሚፈሰው ሊጥ ማሟሻ ነው። ብዙ ጊዜ አያምርም፤ ይጣበቃል፣ ይቃጠላል፣ ዓይኑ አይወጣም። ማንም ግን በማሟሻ ባለቤቷ ላይ አይፈርድም፤ ምጣዱ ገና አልሞቀማ። የተበላሸውም እንጀራ አይጣልም፣ ፍርፍር ይሆናል፣ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፣ መንገደኛ ይሰነቅበታል። ከሊጡ ጥራጊ እንኳ ለልጅ እንጎቻ ይወጣል።

ለሸክላና ለብረት ምጣድ የማንነፍገውን ይሄን ዕድል ከደብረ ብርሃን ለመጣችው ሙሽራ፣ ከገጠር ለመጣችው ሠራተኛ፣ ሃያ ዓመት ሞልቶት ገና ሽንኩርት መክተፍ ለጀመረው ወንድማችንም እኩል እንስጥ። የመጀመሪያው ወር ማሟሻ ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩን እነሱ ራሳቸው ይንገሩን፤ ሊጡ በስንት ሰዓት ክዳኑን ገፍቶ እንደወጣ፣ ድንጋዩን ማን እንደጫነበት፣ አልጋ ሥር ሲቡላላ ማን እንደሰማው። እኛ ቡናውን እናፈላለን። ድስቱንም ተራ በተራ እንፈገፍጋለን።